ሳላየው የፈረምኩት ፕላን

ከከተማችን ሰፈሮች አንዱ በሆነው በሲቀላ ውስጥ እየተሠራ የነበረ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ የፊት በረንዳው መውደቁን የሰማሁት ልጄን ትምህርት ቤት አድርሼ ወደ ቢሮዬ ስመለስ ነው። የደወሉልኝ የአርክቴክቶች ማህበራችን ሰብሳቢ ናቸው።

«ማዘጋጃ ቤቱ ሄደን እንድናይለት ጠይቆናል። አንቺ ጸሐፊ ስለሆንሽ አብረሽኝ ትሄጃለሽ» አሉኝ።

«ሰው ተጎድቷል እንዴ ጋሼ?»

«አንዲት የቀን ሠራተኛ ከሥር ነበረች። ሆስፒታል ወስደዋታል።»

ማህበራችን ትንሽ ናት። ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩ አሉ፣ መንግሥት ቤት የሚሠሩ አሉ፣ እንደኔ አንዲት ክፍል ቢሮ ከፍተው በግል የሚሠሩም አሉ። በወር አንድ ቅዳሜ ሴቻ ሰፈር ተሰብስበን ሻይ እንጠጣለን፣ ስለ ሥራ እናወራለን፣ አዲስ ተመራቂዎችን እንቀበላለን። አንድ ጊዜ ተማሪዎችን ዶርዜ ወስደን ቤት ስናስለካ መዋላችንን አስታውሳለሁ። ከዚያ ያለፈ ከባድ ነገር ገጥሞን አያውቅም። እኔ የናዝሬት ልጅ ነኝ፤ ለትምህርት መጥቼ አግብቼ እዚሁ ቀረሁ። እዚህ ዘመድ ስለሌለኝ ማህበሩ ዘመዴ ነበር። ሰብሳቢያችን ደግሞ በጋሞ ምድር በኦቾሎ በኩል የተወለዱ፣ በዞኑ ስንትና ስንት ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ የነደፉ አንጋፋ ሰው ናቸው። የሙያ ፈቃዴን ሳወጣ ስለኔ የመሰከሩልኝ እሳቸው ናቸው። የልጄም አያት ሊባሉ ምንም አልቀራቸውም።

ቦታው ስንደርስ ሰው መንገዱን ሞልቶታል። ፖሊሶች ገመድ ወጥረዋል። የመጀመሪያው ፎቅ በረንዳ ከነግንቡ ተገንጥሎ መሬት ላይ ተከምሯል፤ ፌሮው ከአርማታው ውስጥ ተመዝዞ ወደ ላይ ቆሟል። ከክምሩ አጠገብ አንድ የውኃ ጀሪካን ተጨፍልቆ አየሁ። ፎርማኑ ፊቱ በአቧራ ነጥቶ፣ ሶሌታውን፣ የፎቁን የአርማታ ወለል፣ ደግፈው የነበሩትን ባሕር ዛፎች ጠዋት ማንሳት እንደጀመሩ ነገረን። ሦስተኛውን ሲያነሱ በረንዳው ተንዶ መጣ። ሴትየዋ ውኃ ይዛ እያለፈች ነበር።

ወደ ውስጥ ገብቼ ቀና ብዬ አየሁ። ስህተቱን ለማግኘት ጊዜ አልፈጀብኝም። የሱቁ ፊት ሰፊ እንዲሆን ተብሎ ምድር ላይ አንድ ኮለን፣ ማለትም ተሸካሚ ምሰሶ፣ ቀርቷል። ከላይ ባሉት ፎቆች ግን ያው ኮለን በቦታው አለ። ከላይ የወረደው ክብደት የሚያርፍበት ነገር የለውም ማለት ነው።

ንዴቴን መቆጣጠር አልቻልኩም። ፖሊሱም ፎርማኑም እየሰሙ፣ «ይሄንን የሳለ ሰው ፈቃዱ ሊነጠቅ ይገባል። ሁለተኛ እርሳስ መያዝ የለበትም» አልኩ።

ሰብሳቢያችን ፎርማኑን «ፕላኑን አምጣልን» አሉት።

ፎርማኑ ከቆርቆሮ ቤቱ ጥቅሉን አመጣ። የብሎኬት ክምር ላይ ዘረጋሁት፤ ነፋስ እንዳያነሳው በአንድ በኩል ድንጋይ ጫንኩበት። የምድር ቤቱን ወረቀት አገኘሁና የጎደለውን ኮለን በጣቴ ለጋሼ አሳየኋቸው። ከዚያ የማን ሥራ እንደሆነ ለማየት ዓይኔን ወደ ወረቀቱ ጥግ ወሰድኩ።

ስሜ ነው። ማኅተሜ ነው። ፊርማዬ ነው።

ክው ብዬ ቀረሁ። መጀመሪያ የተሰማኝ ጆሮዬ ውስጥ እንደ ንብ ያለ ድምፅ ነው፤ የሰዉ ጫጫታ ጠፋ። ሌላ ወረቀት ገለጥኩ፤ እዚያም አለ። ሌላ ገለጥኩ። ፊርማዬ መጨረሻው ላይ ወደ ታች የምትወርድ ጭረት አላት፤ እሷም ሳትቀር አለች። ጋሼም ከጎኔ ቆመው የማየውን እያዩ ነበር። ፊታቸው አልተለወጠም።

«ጠቅልይው» አሉኝ ቀስ ብለው።

መኪናቸው ውስጥ ከገባን በኋላ ቁልፉን ሳያዞሩ ጠየቁኝ።

«ሕንፃውን ታውቂዋለሽ?»

«አላውቀውም ጋሼ።» ይሄ እውነት ነበር።

«እንግዲያው ማኅተምሽ ተሰርቋል ማለት ነው። ፊርማሽንም አስመስለውታል።» ቃላቸው ጥያቄ ይሁን ምክር አልለየልኝም። «እንደዚያ ነው?»

እዚያ ጋ ነው ነገሩ ትዝ ያለኝ። ልጄን በወለድኩ በሦስተኛው ሳምንት አንዲት ጓደኛዬ ልትጠይቀኝ መጣች። ዩኒቨርሲቲ አንድ ዶርም ነው የኖርነው፤ ስታመም እየደገፈችኝ ሐኪም ቤት የወሰደችኝ እሷ ናት። ለአራስ የሚሆን አጥሚት በፔርሙስ ይዛ፣ በሌላኛው እጇ ጥቅል ወረቀት ይዛ ነበር። ፈቃዷ ገና አልወጣላትም፤ የሕንፃው ባለቤት ደግሞ ቸኩሏል። «እኔ ጨርሼዋለሁ፣ አንቺ ፈርሚልኝ ብቻ» አለችኝ። ልጄ ጡት ይዛ ነበር። ባዶ በነበረው እጄ፣ ወረቀቱን የተገለበጠ የሕፃን መታጠቢያ ሳፋ ላይ አስደግፌ፣ እሷ ጥጉን ብቻ እየገለጠችልኝ ፈረምኩ። ማኅተሙን ከመሳቢያው ያወጣችው እሷ ናት። እየሳቅን ነበር። አንዱንም ወረቀት ገልጬ አላየሁም።

«አዎ ጋሼ፣ እንደዚያ ነው» አልኳቸው።

ይሄን ስል ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። እስከ ዛሬ የሚያስደነግጠኝ እሱ ነው። ውሸት ሲመጣ ያስታውቃል፣ ሰው ፊቱ ይቀላል ብዬ አስብ ነበር። ምንም አልሆንኩም።

ቢሮዬ ገብቼ ለጓደኛዬ ደወልኩላት። አሁን ሐዋሳ ነው የምትሠራው። የሆነውን ስነግራት አለቀሰች፤ የእውነት ለቅሶ ነበር። ከዚያ ለቅሶዋን አቁማ፣ «ለማን ነግረሻል?» አለችኝ።

«ተሰርቆብኝ ነው አልኩ።»

«ጎበዝ። እንደሱ በይ። እኔም ዝም እላለሁ። ሁሉም እንደዚህ አይደል እንዴ የሚሠራው? ስንቱ ነው የሌላ ሰው ፕላን ላይ የሚፈርመው? እኛ ላይ ስለወደቀ ነው እንጂ።»

«እኛ ላይ አልወደቀም» አልኳት።

ዘጋችው።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሆስፒታል ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ አላውቅም፤ ለራሴ ማህበሩን ወክዬ ልጠይቃት ነው አልኩ። ሙዝና ጭማቂ ይዣለሁ። ሴትየዋ ከጋሞ ደጋ፣ ከገረሴ የመጣች፣ ከኔ በዕድሜ የማትበልጥ ሰው ናት። ቀኝ እግሯ ከጉልበቷ በታች ተቆርጧል። አንሶላው እዚያ ጋ ድንገት ጠፍጣፋ መሆኑን ሳይ ዓይኔን የት እንደማሳርፍ ጠፋኝ።

«አንተ ሐኪም ነህ?» አለችኝ። አማርኛዋ የከተማ ሥራ ያስተማራት ነው፤ ወንድና ሴቱን አትለይም።

«አይደለሁም እህቴ። ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት።»

«እግዜር ይስጥህ» አለችና ዓይኗን ጨፈነች።

ከራስጌዋ ቡልኮ የለበሱ ሽማግሌ ተቀምጠዋል፤ አባቷ ናቸው። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ሸማ ይሠሩ ስለነበር አማርኛቸው ጥሩ ነው። በርጩማ ስበው አስቀመጡኝ። ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ፤ የሕንፃ ፕላን የሚሠሩ ሰዎች ማህበር ጸሐፊ ነኝ አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ስለ ሕንፃው ይጠይቁኛል፣ ይቆጡኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ሌላ ሐሳብ ውስጥ ነበሩ።

«ይሄ ጎሜ ነው» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «የማን እንደሆነ ነው ያላወቅሁት።»

ጋሞ ምድር የኖረ ሰው ጎሜን ያውቀዋል። ሰው ድንበር ገፍቶ፣ ያልተፈቀደ ነክቶ ወይም እውነት ደብቆ ከተቀመጠ መዘዙ በራሱ ወይም በልጁ ላይ ይወጣል ይላሉ። መድኃኒቱ ጥፋቱን በሰው ፊት አውጥቶ መናገር ነው።

«ድሮ የወንድሜን ድንበር አንድ እርምጃ ገፍቼ እንሰት ተክያለሁ» አሉ ሽማግሌው። «ወንድሜ ሳያውቅ ሞተ። እሱ ይሆን እላለሁ። ደግሞ የረሳሁት ሌላ ነገር ይኖር እንደሆነ እላለሁ። እሷ ከተኛች ጀምሮ ራሴን እየመረመርኩ ነው። እህል አልቀመስኩም። ልጄ በምን ጥፋቴ እግሯን አጣች?»

ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ እንደዚያ ደንግጬ አላውቅም። ፕላኑ ላይ ስሜን ሳይ የደነገጥኩት ለራሴ ነበር። እዚህ ግን አንድ ሰው ያላጠፋውን ጥፋት ከሕይወቱ ውስጥ እየቆፈረ ሲፈልግ፣ ጥፋቱን የያዝኩት እኔ ሙዝ ይዤ አጠገቡ ተቀምጫለሁ። የተቀመጥኩበት በርጩማ ራሱ እሳቸው የሳቡልኝ ነው።

«አባባ፣ የእርስዎ አይደለም» አልኳቸው። «የኔ ነው።»

አልገባቸውም። ደግሜ ነገርኳቸው። ስለጎደለው ኮለን፣ ስለ ፊርማው ነገርኳቸው። ልጃቸው ዓይኗን ገልጣ ትሰማ ነበር። አባትየው እጄን ትክ ብለው አዩት።

«አንቺ ነሽ የሠራሽው?»

«አልሠራሁትም። ሳላየው ፈረምኩበት።»

«ሳታይው» አሉ። በቁጣ ሳይሆን ለማወቅ እንደፈለገ ሰው ጠየቁኝ። «ሳያዩ ይፈረማል እንዴ?»

ለቅሶ መጣብኝ፤ ማልቀስም አሳፈረኝ። ሽማግሌው እስክጨርስ ጠብቀው፣ «ይሄንን ለኔ ብቻ መንገር አይበቃም» አሉኝ። «እኛ ጥፋት የምንናገረው ዱቡሻ ላይ፣ ሽማግሌውም ወጣቱም በተሰበሰበበት አደባባይ ነው። አንቺም ሰዎችሽ የሚሰበሰቡበት ቦታ አለሽ አላልሽም? እዚያ ተናገሪ።»

ያንን ቀን ለባለቤቴ ነገርኩት። አስተማሪ ነው፤ ነገር በትዕግሥት ይሰማል። «ፈቃድሽን ትነጠቂያለሽ» ብቻ አለኝ። አዎ አልኩት። «እንግዲያው ቅዳሜ ልጅቷን እኔ እይዛለሁ» አለ።

ቅዳሜ ስብሰባው ላይ ያልመጣ አባል አልነበረም። ወሬው ከተማውን ሞልቶታል። ሰብሳቢያችን ለማዘጋጃ ቤቱ የሚላከውን የምርመራ ሪፖርት ራሳቸው ጽፈው አምጥተዋል። ጸሐፊ ስለሆንኩ እንዳነብ ሰጡኝ። ተነሥቼ ማንበብ ጀመርኩ። ስለ ኮለኑ የተጻፈው ትክክል ነበር። ከዚያ ቀጥሎ «ፕላኑ ላይ ያለው ማኅተምና ፊርማ ግን ተሰርቆና ተመሳስሎ የተሠራ እንጂ የአባላችን አለመሆኑን ማህበሩ አረጋግጧል» ይላል።

«አረጋግጧል» የሚለው ቃል ላይ ቆምኩ።

«ይሄ እውነት አይደለም» አልኩ። «ፊርማው የኔ ነው። ማንም አላስመሰለውም። ፕላኑን ሳላይ ፈርሜ ሰጠሁ። ለጋሼም ዋሽቻቸዋለሁ።»

ከታች መንገድ ላይ የባጃጅ ድምፅ እንደነበረ አስታውሳለሁ። ከዚያ አንድ ወጣት አባላችን፣ ጥሩ ሥራ የሚሠራና እኔንም የሚያከብረኝ ልጅ፣ ብድግ አለ።

«እባክሽ ቁጭ በይ። ይሄ ቃለ ጉባኤ ላይ አይግባ። ማህበር ለአባሉ ጋሻ ካልሆነ ምን ያደርጋል? ይሄ ወረቀት ከዚህ ክፍል ከወጣ ማዘጋጃ ቤቱ የሁላችንንም ፕላን ከመዝገብ ቤት አውጥቶ ይመረምራል። ሁላችንንም ነው የምታስጨርሺን።»

ሌሎች ጭንቅላታቸውን ሲነቀንቁ አየሁ። ፊታቸው ላይ የነበረው በኔ ማዘን አልነበረም፤ ፍርሃት ነበር። ጓደኛዬ በስልክ የነገረችኝ እውነት መሆኑን ያኔ አወቅሁ። ከብዙዎቹ ጋር ዓመታት አብሬ ሻይ ጠጥቻለሁ። እያንዳንዳቸው የትኛውን ሕንፃ እያሰቡ እንደሆነ ለማወቅ ዓይናቸውን ለማየት ሞከርኩ፤ አንዱም አላየኝም።

ሰብሳቢያችን ተነሡ። በሩን ከፍተው ወጡ። ደረጃውን ሲወርዱ የእግራቸው ድምፅ ይሰማል። አዋረድኳቸው፣ ጥለውን ሄዱ ብዬ አሰብኩ። ወጣቱም «አየሽ?» አለኝ።

ግን ተመለሱ። በእጃቸው የሲሚንቶ አቧራ የለበሰ አንድ ትልቅ መዝገብ ይዘዋል። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

«ይሄ የዚያ ሕንፃ የክትትል መዝገብ ነው» አሉ። «ማክሰኞ ዕለት፣ እሷ ፕላኑን ስትጠቀልል እኔ ከፎርማኑ ተቀብዬ መኪናዬ ውስጥ ደበቅሁት። ክፈቱት።»

ማንም አልከፈተውም። እኔ ከፈትኩት። ሶሌታ በተሞላ ቁጥር፣ ፌሮ በታሰረ ቁጥር፣ ግንባታውን የሚቆጣጠረው አማካሪ መጥቶ አይቶ አጽድቋል ይላል። በእያንዳንዱ መስመር መጨረሻ የጋሼ ፊርማ አለ።

«አንድ ቀን እንኳ አልሄድኩም» አሉ። «ጉልበቴ ያመኛል፣ ፎርማኑ ልምድ ያለው ነው፣ ባለቤቱ የማውቀው ሰው ነው እያልኩ ቤቴ ድረስ ሲያመጡልኝ ፈረምኩ። አንድ ቀን ሄጄ ቢሆን ኮለኑ መጉደሉን አየው ነበር። እሷን ተሰርቆብሽ ነው ያልኳት ለሷ አዝኜ አይደለም። የሷ ፊርማ ውሸት ከሆነ የኔን ማንም አይፈልገውም ብዬ ነው።»

እኔ መዝገቡን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። መኪናው ውስጥ የአባት መስሎኝ የነበረው ያ ረጋ ያለ ድምፅ ምን እንደነበር ገባኝ። ልቆጣቸው አልቻልኩም፤ ምን ብዬ? ወጣቱ ልጅ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ፊቱን በሁለት እጁ ያዘ። ከሱ አጠገብ ያለችው አባላችን ቀስ ብላ፣ «እኔም ያላየሁት አንድ አለኝ» አለች። ከዚያ ሌላው ተናገረ። ሁሉም አልተናገረም። አንዳንዱ ቦርሳውን አንሥቶ ወጣ፣ ከዚያም በኋላ አልተመለሰም።

ሪፖርቱን እዚያው ቁጭ ብዬ እንደገና ጻፍኩት፤ እውነቱን። የኔንም የጋሼንም ስም አስገባሁ። ጓደኛዬን ደውዬ ስሟ እንደሚገባ ነገርኳት። የሰደበችኝን እዚህ አልጽፈውም። ከዚያ ወዲህ አውርተን አናውቅም፤ ሐኪም ቤት የወሰደችኝን ቀን ሳስብ ግን አሁንም ሆዴ ይባባል።

ጉዳዩ ዓቃቤ ሕግ ጋ ደረሰ። እኔ ፈቃዴ ታገደ፤ ቢሮዬን ዘጋሁ። ጋሼ የሰብሳቢነቱን ቦታ ለቀቁ፣ ሁለተኛ ማኅተም እንደማይዙም ጽፈው ሰጡ። የሕንፃው ባለቤትና የስትራክቸሩ መሐንዲስ ጥፋቱን እርስ በርስ እየተገፋፉ ክርክሩ እስከ ዛሬ አላለቀም። ከማህበሩ የቀረነው ጥቂቶች ነን። ያቺው «ያላየሁት አንድ አለኝ» ያለችው አባላችን ሰብሳቢ ሆነች። አሁን ቅዳሜ ስንገናኝ ጠረጴዛው ላይ ፕላን ይዘረጋል። አንድ አባል የሠራውን ሌሎቻችን አይተን፣ ጠይቀን፣ አንዳንዴም ተጣልተን ነው ማኅተም የሚያርፍበት። ማዘጋጃ ቤቱ አላዘዘንም። እኔ ባልፈርምም እመጣለሁ፤ ማየት አልተከለከልኩም።

ክረምቱ ካለፈ በኋላ ጋሼና እኔ ገረሴ ሄድን። ሽማግሌዎች ባሉበት ሁለታችንም ያደረግነውን ተናገርን፤ ጋሼ በጋሞኛ፣ እኔ በአማርኛ። አባትየው የወንድማቸውን ድንበር ለወንድማቸው ልጆች መልሰው ነበር፤ ጎሜው የሳቸው ባይሆንም እውነት እውነት ነው አሉ። ሴትየዋ ከበሩ አጠገብ ምርኩዟን ይዛ ተቀምጣለች። ይቅርታ ጠየቅኋት።

«እግር አይመጣም» አለችኝ። «አባቴ ግን አሁን ይበላል፣ ይተኛል። ጥሩ ነው።» ይቅር ብዬሻለሁ አላለችኝም። እኔም እንድትለኝ አልገፋኋትም። ልንነሣ ስንል ግን ጠራችኝ። አብረዋት ይሠሩ የነበሩት ሴቶች በከተማው ዳር ካለው እርሻ ማዶ፣ መንገድ ዳር ባለ አዲስ ሕንፃ ላይ እየሠሩ እንደሆነ ነገረችኝ። «ሂድ፣ እየው» አለችኝ።

ሰኞ ጠዋት ከማህበሩ አራት ሆነን ሄድን። የመግቢያ ፈቃድ እንኳ አልነበረንም፤ ፎርማኑ መጀመሪያ ሊያስገባን አልፈለገም። ሰብሳቢያችን ለማዘጋጃ ቤቱ ደውላ ባለሙያ አስመጣች። የሁለተኛው ፎቅ ሶሌታ ከተሞላ ብዙ ቀን አልሆነውም፣ ገና አልጠነከረም፤ ድጋፎቹን ግን ለሌላ ሥራ ስለፈለጓቸው ያንኑ ቀን ሊያነሱ እየተዘጋጁ ነበር። ከሥር ሰባት ሴቶች አሸዋ ይነፋሉ። ባለሙያው ሥራው እንዲቆም አዘዘ።

ሴቶቹ ወጥተው መንገድ ዳር ሀለኮ በሚባለው የሽፈራው ዛፍ ሥር ተቀመጡ። ደስ ይላቸዋል ብዬ ጠብቄ ነበር። ከመካከላቸው አንዷ ወደኔ ቀና ብላ፣ «ሥራው ስንት ቀን ነው የሚቆመው?» አለችኝ። አላውቅም አልኳት። ራሷን አዞረችና ወንፊቷን ማራገፍ ጀመረች።